ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖልና የድኆች ሣጥን

የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ሥዕል በብዙ ካቶሊካውያን ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተሰቅሎ ይታያል፤ ያረጀ ካባ የለበሰ ሽማግሌ ካህን፣ በመንገድ የተጣለ ሕፃን በክንዱ ታቅፎ። ሥዕሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የሰውዬውን ግማሽ ብቻ ያሳያል። ቪንሴንት ርኅሩኅ ብቻ አልነበረም፤ ሒሳብ የሚጠነቀቅ ሰውም ነበረ። ለድኆች የተሰጠውን ገንዘብ ማን እንዲሰበስበው፣ ማን እንዲያስቀምጠው፣ ማን እንዲያወጣው፣ በማንስ ፊት እንዲቈጠር አንድ በአንድ በጽሑፍ ወስኗል። ሠዓሊዎቹ ሕፃኑን ሣሉ እንጂ ሣጥኑንና መክፈቻዎቹን አልሣሉም። ስሙ ለኢትዮጵያ ካቶሊካውያን እንግዳ አይደለም፤ በ1839 ዓ. ም. ወደ ዐድዋ የገቡት አቡነ ያዕቆብ፣ ማለት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ እርሱ ከመሠረተው ከላዛሪስት ማኅበር የወጡ ካህን ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ቪንሴንት በ1581 ዓ. ም. በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ፣ በጋስኮኝ አገር፣ በዳክስ ከተማ አጠገብ ባለች ፑዊ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ዣን፣ እናቱ በርትራንድ ይባሉ ነበር፤ ከስድስቱ ልጆቻቸው ሦስተኛው እርሱ ነበረ። ቤተ ሰቡ ገበሬ ስለ ነበረ፣ ብላቴናው ከብት እየጠበቀ አደገ። አእምሮው ፈጣን መሆኑን ባዩ ጊዜ በዳክስ ወዳለው የፍራንቸስካውያን ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ኋላም በቱሉዝ ነገረ መለኮት እንዲማር አባቱ ጥማድ በሬውን ሸጠለት። በበሬ የሚያርስ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል። ሆኖም ያው አባት፣ እግሩ የሚያነክስ፣ ልብሱም የገበሬ ልብስ ስለ ነበረ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ ልጁ አፍሮበት ሊያየው እንዳልወጣ፣ ቪንሴንት ራሱ በሽምግልናው እያዘነ ይናገር ነበር።

ቅዱሳንን ከማሕፀን ጀምሮ ፍጹማን አድርጎ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ይህ ልማድ ግን ለቪንሴንት አይስማማውም። በ1600 ዓ. ም. ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ቅስና ተቀበለ፤ የትሬንቶ ጉባኤ የወሰነው ዕድሜ ግን ሃያ አራት ነበረ። ይህ ሁሉ ጥድፊያ ነፍስን ለማዳን አልነበረም። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ለየቤተ ክርስቲያኑና ለየገዳሙ የተመደበ የመሬት ገቢ ነበረ፤ የገቢው ባለቤት የሆነ ካህን በቦታው ባይገኝም እንኳ ደኅና ኑሮ ይኖርበት ነበር። ወጣቱ ቄስ ይህን ይፈልግ ነበር። ዕዳ ነበረበት፤ ዕዳ ያለበትን ሰውም ለመያዝ እስከ ማርሴይ ወረደ። ከዚያ በኋላ በባሕር ወንበዴዎች ተማርኮ በቱኒስ ባሪያ ሆኖ እንደ ኖረ በደብዳቤው ጽፏል፤ ታሪክ መርማሪዎች ግን በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በ1608 ዓ. ም. ወደ ፓሪስ ገባ። በ1610 ዓ. ም. ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥሩ ገቢ ያለው ሹመት አግኝቶ ወደ አገሩ ለመመለስና የቀረውን ዘመን በእርሷ አጠገብ በዕረፍት ለመኖር ተስፋ እንዳለው ነገራት። ይህን ሲጽፍ ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም ነበር።

እንዴት እንደ ተለወጠ በአንድ ቀን የሚነገር ታሪክ የለም። በፓሪስ አብሮት የሚኖር የአገሩ ሰው ገንዘቡን በተሰረቀ ጊዜ ቪንሴንትን በሌብነት ከሰሰው፤ እውነተኛው ሌባ እስኪታወቅ ድረስም ስድቡን ዝም ብሎ ተሸከመ። በአባ ደ ቤሩል ምክር በ1612 ዓ. ም. የክሊሺ ሰበካ ቆሞስ ሆነ፤ በዚያ ያሉት ገበሬዎች መልካምነት አስደነቀው። በሚከተለው ዓመት ጎንዲ በሚባሉት ታላላቅ መኳንንት ቤት የልጆች አስተማሪ ሆነ። በ1617 ዓ. ም. በጥር ወር ከጎንዲ ርስቶች በአንዱ፣ በፎልቪል፣ ስለ ንስሓ ሰብኮ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ ንስሓ በመጣ ጊዜ፣ የገጠር ሰው ያለ እረኛ እንደ ተተወ ተረዳ። በዚያው ዓመት የጎንዲን ቤት ትቶ በሊዮን አቅራቢያ ወዳለች ሻቲዮን ወደምትባል ትንሽ ከተማ በቆሞስነት ሄደ። የቆሞሱ ቤት ፈርሶ ስለ ነበረ፣ ቤይኒዬ በሚባል የፕሮቴስታንት ሃይማኖት ተከታይ ቤት በእንግድነት ተቀመጠ።

በነሐሴ ወር በአንድ እሑድ፣ ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ ሲለብስ ሳለ አንዲት ሴት መጥታ፣ ከከተማው ጥቂት ራቅ ባለች ቤት የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደ ታመሙ፣ ውኃ እንኳ የሚያቀብላቸው እንደሌለ ነገረችው። ቪንሴንት ይህን በስብከቱ ለሕዝቡ አስታወቀ። ከሠርክ ጸሎት በኋላ በሽተኞቹን ሊጠይቅ ከአንድ የከተማው ሰው ጋራ ሲወጣ፣ መንገዱ እንደ ንግሥ ቀን ሞልቶ አገኘው። ሴቶች እንጀራቸውንና ወጣቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ሌሎች አድርሰው ይመለሳሉ፤ ቀኑ ሞቃት ስለ ነበረ ደክሟቸው በመንገዱ ዳር ጥላ ይዘው የተቀመጡም ነበሩ።

ሌላ ሰባኪ ቢሆን ይህን አይቶ ደስ ብሎት፣ ስብከቱም ፍሬ እንዳፈራ ቈጥሮ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር። ቪንሴንት ግን ሌላ ነገር አየ። ያ ሁሉ ምግብ ለጥቂት በሽተኞች በአንድ ቀን ይበዛል፤ የተረፈውም ይበላሻል። በማግስቱ ስብከቱ ይረሳል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይገባል፤ በሽተኞቹም እንደ ቀድሞው ይራባሉ። የጐደለው ቸርነት አልነበረም፤ የጐደለው ሥርዓት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በነሐሴ 23፣ ፈቃደኞች የሆኑትን ሴቶች ሰብስቦ፣ እያንዳንዲቱ አንድ አንድ ቀን በተራ እንድትይዝ ተስማሙ። ማኅበርተኛ ጽዋውን በየተራው በሚያወጣበት አገር ይህ አዲስ ጥበብ አይመስልም፤ ለሻቲዮን በሽተኞች ግን ነገ የሚበሉት መኖሩን የሚያረጋግጥ ነገር ነበረ።

ቪንሴንት ለዚህ ማኅበር የጻፈው ሕግ በኅዳር ወር ከሊዮን ሊቀ ጳጳስ መንበር ፈቃድ አገኘ፤ ማኅበሩም በታኅሣሥ 8 ቀን 1617 ዓ. ም.፣ በእመቤታችን ፅንሰት በዓል ተመሠረተ። ሕጉን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያስደንቀው የምግቡ ነገር ነው። ተራዋ የደረሰው ሴት ምግቡን ራሷ ታበስላለች፤ ወደ በሽተኛው ስትገባ በደስታ ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ በአልጋው ላይ ጨርቅ አንጥፋ ሳህኑንና ማንኪያውን ታቀርባለች፤ እጁን ታስታጥበዋለች፤ ሾርባውን ትጨምርለታለች፤ የበጉን ወይም የጥጃውን ሥጋ ትቈርጥለታለች፤ ካልቻለም ታጐርሰዋለች። ከዚያም አስታማሚ ካለው በሽተኛ ጀምራ ብቻውን በተኛው እንድትጨርስ ታዝዟል፤ ይህም ከብቸኛው ጋራ ጊዜ ወስዳ እንድትቀመጥ ነው። ሕግ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን አያስብም።

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ ነው። ሴቶቹ ከመካከላቸው አለቃና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ። የተሰበሰበው ሁሉ ሁለት ልዩ ልዩ ቁልፍ ባለው ሣጥን ይገባል፤ አንዱን መክፈቻ አለቃዋ፣ ሁለተኛውን ገንዘብ ያዧ ትይዛለች፤ ስለዚህ አንዲቱ ያለ ሌላዪቱ ልትከፍተው አትችልም። ለዕለት ወጪ በገንዘብ ያዧ እጅ የሚቀረው አንድ ኤኩ ብቻ ነው። ከጰራቅሊጦስ በዓል በኋላ ገንዘብ ያዧ ለአዲስ ተመራጮችና ለማኅበርተኞች ሒሳቧን ታስረዳለች፤ ይህም የሚሆነው በቆሞሱና ሊሰሙ በሚፈልጉ በከተማው ምእመናን ፊት ነው። ሒሳቡ የሕዝብ እንጂ የጓዳ ምስጢር አልነበረም። ሆኖም ያው ሕግ፣ ገንዘብ ያዧ ያቀረበችው ሒሳብ እውነት መሆኑን በቃሏ ካረጋገጠች እንድትታመን፣ ባሏና ልጆቿም ስለዚያ እንዳይጠየቁ ይወስናል፤ መጀመሪያውኑ የምትመረጠው እምነት የሚጣልባት ሴት ናትና። እነዚህ ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስሉ ይሆናል፤ ቪንሴንት ግን ሁለቱንም ጐን ለጐን አስቀመጣቸው። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ የሚያሻው ሴቶቹ ሌቦች ስለ ሆኑ አልነበረም፤ በሌለችበት የምትታማ እንዳትኖር ነው።

ቪንሴንት በሻቲዮን ብዙ አልቆየም፤ የጎንዲ ቤት አጥብቆ ስለ ለመነው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ማኅበሩ ግን ያለ እርሱ ቆመ፤ ይህም ታላቅ ፈተናው ነበረ። ከዚያ ወዲያ በጎንዲ ርስቶች በቪልፕረ፣ በዧኚ፣ በሞንሚራይ፣ በፎልቪል ይህንኑ ማኅበር አቋቋመ። ገንዘብ በማይገኝበት በአንዳንድ የገጠር ሰበካ፣ ለማኅበሩ ላምና በግ እንዲረባ፣ ከብቶቹም የማኅበሩ ምልክት እንዲደረግባቸው፣ ከርቢውም የሚሸጠው ለድኆች እንዲሆን ወሰነ። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ ሣር አያጣም።

በ1621 ዓ. ም. በማኮን ከተማ ሲያልፍ ጐዳናው በለማኞች ተሞልቶ አየ። ሥርዓት አወጣለሁ ባለ ጊዜ የከተማው ሰዎች ሳቁበት፤ በመንገድ ሲያልፍም በጣት ጠቈሙት። እርሱ ግን ካህናቱንና ሹማምቱን አስማምቶ የድኆቹ ስም በመዝገብ እንዲጻፍ አደረገ። ለተጻፉት በተወሰነ ቀን ምጽዋት ይሰጣቸዋል፤ መንገደኛ ድኃ አንድ ሌሊት አድሮ ሁለት ሱ ተሰጥቶት ይሸኛል፤ ለመለመን የሚያፍሩትና የታመሙት በቤታቸው ይረዳሉ። ነገሩ ከተከናወነ በኋላ ከተማው ሊያከብረው ሲያስብ፣ ማንም ሳያውቅ በማለዳ ተነሥቶ ሄደ።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር የቀናለት አይምሰል። በዧኚና በሞንሚራይ ወንዶችና ሴቶች በአንድ ማኅበር እንዲሠሩ አድርጎ ነበር፤ ወንዶቹ ለመሥራት የሚችሉትን ድኆች፣ ሴቶቹ በሽተኞቹን እንዲረዱ፣ ቦርሳው ግን አንድ እንዲሆን። ጠቡ የተነሣው ከዚያ ቦርሳ ነው። ወንዶቹ ገንዘቡን ሁሉ በእጃቸው ለማድረግ ፈለጉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ይህን ሊታገሡት አልቻሉም። ቪንሴንት ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ጕዳይ ባነሣ ጊዜ ወንዶቹን ከዚያ ሥራ ማውጣት ግድ እንደ ሆነበት አልሸሸገም፤ ሴቶቹ ግን በገንዘብ አያያዛቸው ታማኞችና ጠንቃቆች እንደ ነበሩ መስክሮላቸዋል። በ17ኛው መቶ ዓመት አንድ ካህን ይህን በጽሑፍ ማስቀመጡ ቀላል ነገር አልነበረም። በሰበካ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የዚህን ጠብ መልክ ሳያውቀው አይቀርም።

በ1625 ዓ. ም. ጎንዲዎች 45,000 ሊቭር (ሊቭር የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ገንዘብ ነው) ሰጥተው፣ ለገጠር ሕዝብ የሚሰብኩ ካህናት ማኅበር እንዲመሠረት አደረጉ። ይህ ማኅበር በ1632 ዓ. ም. ቅዱስ አልዓዛር በሚባለው የፓሪስ ቤት ስለ ገባ፣ ካህናቱ ላዛሪስት ተባሉ። የፍቅር ማኅበሮቹ ግን በየቦታው በዝተው፣ አንዳንዶቹም ደክመው ነበርና የሚጐበኛቸው ሰው አስፈለገ። ለዚህ ሥራ የተገኘችው ባሏ የሞተባት ቅድስት ልዊዝ ደ ማርያክ ናት። ከ1629 ዓ. ም. ጀምሮ በሠረገላም በፈረስም እየሄደች ሣጥኑን ታስከፍታለች፤ መዝገቡን ታያለች፤ የሰነፉትን ታነቃለች፤ በየመንደሩም ልጃገረዶችን ታስተምራለች። በ1633 ዓ. ም. ከቪንሴንት ጋራ የፍቅር ልጆች የተባሉትን ደናግል መሠረተች። ምክንያቱም በፓሪስ የከበሩት እመቤቶች ገንዘብ ቢሰጡም፣ የምግቡን ድስት በጐዳና ተሸክመው መሄድ እያፈሩ ሠራተኞቻቸውን ይልኩ ነበር። የገጠር ገበሬ ልጆች ግን ድስቱን ተሸከሙት።

ያም ሆኖ እመቤቶቹን ማቃለል አይገባም። በ1634 ዓ. ም. ለታላቁ የፓሪስ ሆስፒታል በሽተኞች ማኅበር አቆሙ፤ በ1638 ዓ. ም. ደግሞ የተጣሉ ሕፃናትን ማሳደግ ጀመሩ። በፓሪስ በየዓመቱ ሦስት መቶ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሕፃናት በየደጁ ይጣሉ ነበር፤ ወደ ተመደበላቸው ቤት ከገቡትም በሕይወት የሚቈይ አልነበረም ማለት ይቻላል። እመቤቶቹ መጀመሪያ ዐሥራ ሁለት ሕፃናት ብቻ በዕጣ ወሰዱ። ዕጣ ያልደረሳቸው ሕፃናት ነገር አላስተኛቸውም፤ በ1640 ዓ. ም. ሁሉንም ሊቀበሉ ወሰኑ። ወጪው በየዓመቱ ወደ 40,000 ሊቭር ደረሰ፤ ከንጉሡ የተመደበው ግን ግማሹን እንኳ አይሞላም ነበር። በ1647 ዓ. ም. ገደማ አገሩ በድኅነት በተጨነቀ ጊዜ፣ ሥራውን ለመተው የሚመክሩ ተነሡ። ቪንሴንት በጉባኤያቸው ቆሞ ንግግር አደረገ። አልተቈጣቸውም፤ ውሳኔው የእርሱ ሳይሆን የእነርሱ መሆኑን፣ በዚያ ቀን የሚሰጡትም ድምፅ የእነዚያ ሕፃናት ሕይወት ወይም ሞት መሆኑን ብቻ አሳያቸው። ብዙዎቹ አለቀሱ፤ ሥራው እንዲቀጥልም ፈረዱ።

ከ1639 ዓ. ም. ጀምሮ ሎሬን በጦርነትና በረኃብ ስትጠፋ፣ በፓሪስ የተለመነውን ገንዘብ ወደዚያ የሚያደርሰው ወንድም ማትዩ ሬኛር የሚባል ረድእ ነበረ። የተቀደደ ልብስ ለብሶ፣ እንደ ለማኝ አኮፋዳ አንግቶ፣ 20,000 ሊቭርና ከዚያም በላይ በጨርቅ ውስጥ ደብቆ በወታደሮችና በሽፍቶች መካከል ከሃምሳ ጊዜ በላይ ተመላለሰ፤ አንድ ጊዜም አልተዘረፈም። ንግሥቲቱ እንኳ የመንገዱን ተንኰል ሲያወራ መስማት ትወድ ነበር። የሜስ፣ የቱልና የሌሎች ከተሞች ሹማምት እርዳታው እንደ ደረሳቸው የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፤ ቪንሴንትም ለሰጪዎቹ እንዲነበብ ያደርግ ነበር። ኋላም ለፒካርዲና ለሻምፓኝ ችግረኞች ስለ ሁኔታው የሚገልጽ ወረቀት እየታተመ በፓሪስ ተሠራጨ። በሐምሌ 1657 ዓ. ም. ቪንሴንት በእመቤቶቹ ጉባኤ ሒሳቡን ባቀረበ ጊዜ፣ ከ1650 ዓ. ም. ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጠቅላላ ሒሳብ ድረስ 348,000 ሊቭር ለድኆች እንደ ተከፋፈለ፣ ከዚያ ወዲህ ግን 19,500 ብቻ እንደ ሆነ ነገራቸው። የሚያኰራውን ቍጥር ተናግሮ የሚያሳፍረውን አልደበቀም።

በራሱ ላይ ኪሳራ በመጣ ጊዜ ጠባዩ አልተለወጠም። ለቅዱስ አልዓዛር ቤት እህል የምታበላው የኦርሲኚ እርሻ በስጦታ የተገኘች ነበረች፤ የሰጪዎቹ ወራሾች ከሰው በ1658 ዓ. ም. ረቱ። የሕግ ዐዋቂዎች ይግባኝ እንዲል ገፋፉት፤ እርሱ ግን እምቢ አለ፤ ስለ ደረሰው ኪሳራም ማኅበርተኞቹ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ አዘዘ። ገና በወጣትነቱ ስለ ዕዳ እስከ ማርሴይ የወረደው ሰው ይህ ነው።

በመጨረሻ ዘመኑ እግሩ ስለ ታመመ መራመድ አልቻለም። ቅድስት ልዊዝ በመጋቢት 1660 ዓ. ም. ቀደመችው፤ እርሱም በዚያው ዓመት መስከረም 27 ቀን ሊነጋ ሲል፣ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዐረፈ። በ1737 ዓ. ም. ቅድስናው ታወጀ። አቡነ ያዕቆብም ሐምሌ 31 ቀን 1860 ዓ. ም. ዐረፉ፤ መቃብራቸው በሄቦ ነው። ቪንሴንት በሕይወቱ ሳለ የፍቅር ልጆች ሥራው እንዴት እንደ ተጀመረ ሲጠይቁት፣ እርሱም እነርሱም እንዳላሰቡት ይነግራቸውና፣ ስለዚያች የነሐሴ እሑድ፣ ስለ ሙቀቱ፣ በመንገዱ ዳር ጥላ ይዘው ስለ ተቀመጡት ሴቶች ይተርክላቸው ነበር።